ዋርፋ ጃማ ዒጋል የሚባል ተሳፋሪ

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

ሰላምታዬ ሐርተሼክ ድረስ ሄዶ ካለሽበት ቤት ይግባ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ብርድ ይዞባቸው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አሁን ተሻላቸው? አምስተኛ ክፍል እንደምታስተምሪና ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት እንደያዛችሁ ወንድምሽ ዐብዲኑር መንገድ ላይ አግኝቶኝ ነግሮኛል። ልጆቹ ያስቸግሩሻል? አንቺ ቁጣሽ ቶሎ ስለሚበርድ ሳያውቁብሽ አይቀሩም።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ ማለቴ ነው። እናቴም ደህና ናት፤ ዘወትር ታነሳሻለች። የእናንተን ግቢ የተከራዩት ሰዎች በሩን አረንጓዴ ቀብተውታል። ቧንቧችን አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ለምን አልደወለችም ትዪ ይሆናል። ቁጥርሽ አለኝ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። በስልክ ከሆነ «ደህና ነሽ ወይ?» ስትዪኝ «ደህና» እልሽና ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ራሴን አውቃታለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው፤ አላህ ይርሐማቸው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መሀል ላይ መቅደድ ካማረሽ እባክሽ ታገሺ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ነገር የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ያንቺ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ውስጡን ግን አጫውቼሽ አላውቅም። ቲኬት የሚቆረጥለት ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ መታወቂያው ላይ እንዳለው ሙሉ ስሙ፣ የተወለደበት ቀን፣ ፆታው። እኔ የሞላሁት ዝርዝር አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የጥበቃ ሰዎች ጋ ይደርሳል። እነሱ ዘንድ ደግሞ የሚፈለጉ ሰዎች ስም አለ ይባላል፤ ከዚያ ጋር ይተያያል። ስም ብቻ ቢሆን ምንም ያላደረገ ሰው ካደረገው ጋር እየተምታታ ይያዝ ነበር፤ የልደት ቀን የተጨመረው ለዚህ ነው። ሲነግሩን ጥሩ ነው። እኛ ከተማ ግን የልደት ቀን ሰውን ከሰው አይለይም። በሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ ያለፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ልደቱ ጃንዋሪ አንድ ነው፤ መዝጋቢው ለሁሉም ያንን ነው የጻፈላቸው። አንድ ጊዜ በአንድ በረራ ላይ ስማቸው እስከ አያት አንድ የሆነ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ ሁለት ሰዎች ገጥመውኝ ያውቃሉ። አንደኛው ሽማግሌ ነበር፣ አንደኛው ለሠርጉ ሊገዛዛ የሚሄድ ልጅ። እንዲህ ስለሆነ እኛ ጋ ሰውን የሚለየው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

ይህን የምነግርሽ ሥራውን አላውቀውም ነበር እንዳልልሽ ነው። አውቀው ነበር።

ግንቦት 2013፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤት ደወልሽልኝ። ከኋላሽ የልጆች ጩኸት ይሰማ ነበር። ሐኪሙ የአባትሽ ልብ ምቱ እየዘገየ ስለሆነ መሣሪያ ይገባለት ብሏል፣ ማክሰኞ አዲስ አበባ ቀጠሮ አላቸው አልሽኝ። «አባቴን ለሰኞ ያዢልኝ» ብለሽ፣ ልጆቹን ዝም በሉ ብለሽ ተቆጥተሽ፣ ዘጋሽው።

ስማቸውን አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅኩሽም። ይህችን መስመር እባክሽ ደግመሽ አንብቢያት። ስማቸውን አንቺ አልነገርሽኝም።

ለሌላ ሰው ቢሆን መታወቂያውን አምጣ፣ ካልሆነም ፎቶውን ላክልኝ እላለሁ። እሳቸውን መታወቂያ መጠየቅ አፈርኩ። አባቴ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንቺን በቀኝ እጃቸው፣ እኔን በግራ ይዘው ደረቁን ወንዝ አሻግረው ትምህርት ቤት የሚያደርሱን እሳቸው ነበሩ። የሁለታችንን ዩኒፎርም ከአንድ ጨርቅ ቀደው የሰፉልን በዚያች ጥቁር የእግር ስፌት መኪናቸው ነው። እንደ አጎቴ ቆጥሬ አዴር እላቸው ነበር። ጎረቤቱም፣ ገበያውም፣ እናቴም ዋርፋ ነበር የሚሏቸው። እኔም ሲስተሙ ላይ ዋርፋ ጃማ ዒጋል ብዬ ጻፍኩ። የልደት ቀናቸውን ጃንዋሪ አንድ አልኩ። ፆታ፣ ወንድ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አላውቅም ነበር እንዳልልሽ ደግሞ፣ ስምሽ ከነአባትሽ በክፍል ሲጠራ ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ዐብዲራሺድ። መምህሩ ዐብዲራሺድ ሲል «አቤት» ትዪ ነበር። ጣቴ ግን ዋርፋ ብሎ ጻፈ።

ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ድምፁን ሰምቼ አዴር ሄዱ ብዬ በልቤ አስቤአለሁ። ትንሽ ቆይቶ የሰፈራችን ልጅ የዲሪዬ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመችና አባትሽ ወረዱ። ለመንገዱ ብለው ራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ቦርሳቸውን ዲሪዬ ሊይዝላቸው ሲል እንቢ አሉት፤ እሱ ባጃጁ ጋ ቀረ። ገብተው ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቦርሳቸውን አቅፈው ቆዩ።

«አዴር፣ ምነው?» አልኳቸው።

«አውሮፕላኑ ሞላ» አሉኝ።

ቲኬት የተቆረጠለት ሰው እንዲያ እንደማይባል ነገርኳቸው። የሆነ ሰው ወንበርዎን ወስዶብዎታል፣ ይቆዩ ልደውልላቸው ብዬ ስልኩን አነሳሁ። እጃቸውን ስልኩ ላይ አደረጉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ቲኬቱን አወጡ። መታወቂያቸውን ደግሞ አወጡና ከጎኑ አስቀመጡት። ሁለቱን ቀስ ብለው ወደ እኔ ገፉልኝ።

አነበብኩት። ዐብዲራሺድ ጃማ ዒጋል ይላል።

«ዋርፋ ያሉኝ እናቴ ናቸው» አሉኝ። «መንግሥት በዚህ ስም አያውቀኝም።» የሳቁ መሰለኝ። ሳልም ሊሆን ይችላል።

ብድግ ብዬ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ውኃ ጠየቁኝ፤ ዲሪዬ ነው ከውጭ ገብቶ ቀድቶላቸው የወጣው። እኔ ኮምፒውተሩን እያየሁ ነበር። አንድ ፊደል ቢሆን ይታረማል። የመጀመሪያ ስም ሙሉ በሙሉ ሲለይ ግን ሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ አዲስ ቲኬት መቆረጥ አለበት። ማክሰኞ ሞልቷል፣ ረቡዕ ሞልቷል። ሐሙስ አንድ ቦታ ነበር። ሐሙስ አልኳቸው።

«ሐሙስም ቀን ነው» አሉኝ።

በመኪና ይሂዱ ማለት አልመጣልኝም። አሁን ይመጣልኛል። በየቀኑ ይመጣልኛል። ያን ሰዓት ግን ሆስፒታሉ ጋ ደውዬ ቀጠሮውን ወደ ዓርብ አዛወርኩና የሠራሁ መሰለኝ። አዲሱን ቲኬት መታወቂያቸውን ከጎኔ አድርጌ ፊደል በፊደል ሞላሁት። አትሜ ሰጠኋቸው። የቀድሞውን ተቀብዬ ከፊታቸው ቀደድኩት።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ለልጅቷ ሞልቶ ነው የተመለስኩት እላታለሁ» አሉኝ። «አንቺም እንደዚያ በያት።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እናንተ ሁለታችሁ ብትጣሉ ማን ያስታርቃችኋል? እኔ እንደሆነ ታምሜአለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ዲሪዬ ባጃጅ ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ አየኋቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱንም እግራቸውን እያሳረፉ ነበር የሚወርዱት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው እንደተቀመጡ አረፉ። ለእኔ የደወለችልኝ እናቴ ናት። ፊቴ አንድ ነጋዴ ተቀምጦ ስሙን እየሞላሁለት ነበር። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የነጋዴውን ስም ጨረስኩ፣ የልደት ቀኑን ጠየቅኩት፣ ቲኬቱን አተምኩለት፣ መልካም ጉዞ አልኩት። ከዚያ ቦርሳዬን ያዝኩና ወደ እናንተ ቤት መጣሁ። በመንገድ ላይ ምንም አላሰብኩም። ይህን ስልሽ ራሴን ጨካኝ ለማስመሰል አይደለም፤ በእውነት ምንም አላሰብኩም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋሽ ከንፈርሽ የሌላ ሰው ይመስልሽ የለ፤ እንደዚያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነኝ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ግን ከእኔ በኩል ሆኖ አታውቂውም።

ዲሪዬ በለቅሶው ላይ ዝም ማለት አልቻለም። አውሮፕላኑ አልሞላም፣ አዴርን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር የመለሳቸው ዴቅ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ተናገረ። ያን ጊዜ ዴቅ በሩ ላይ ስምና መታወቂያ የሚያየው ሰው ነበር። ለአንቺ ሽማግሌ ልኮ፣ አባትሽ እሺ ብለውት፣ ሠርጋችሁ ከአረፋ በኋላ ነው ተብሎ ቀን ሲቆጠር ነበር። አማቱን ከበር መለሰ ሲባል ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

በሦስተኛው ቀን ዴቅ መጣ። ዐብዲኑር በሰው ፊት ጠየቀው። ዴቅ ስሙ አልገጠመም አለ። ያን ጊዜ ዐብዲኑር ከግራጫው ኮት ኪስ ያገኘውን ቲኬት አወጣ። ዐብዲራሺድ ጃማ ዒጋል። መታወቂያውን ከጎኑ ያዘ። ዐብዲራሺድ ጃማ ዒጋል። ለሽማግሌዎቹ ዞሮ አሳያቸው። ቀኑ የሐሙስ መሆኑን ያየ ሰው አልነበረም፤ ቢያዩትም መቼም ቀን ያዛወሩት ሞልቶባቸው ነው ይሉ ነበር። ዴቅ ቲኬቱን አየ። ከዚያ በሴቶቹ መጋረጃ ክፍተት አንቺን አየ። ቆይቶ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ዐብዲኑር «ሰውየውን አታውቃቸውም ነበር?» አለው።

«አውቃቸዋለሁ» አለ ዴቅ።

«ታዲያ?»

ዴቅ መልስ አልሰጠም። ውሸታም ተባለ፤ አሁንም አልመለሰም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ያንን ቲኬት እኔ ነኝ ሰኞ ዕለት የቆረጥኩት ማለት። እጄ ላይ ትሪ ነበር። ትሪውን ይዤ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ድረስ ተከትለሽኝ መጣሽ። ቀለበቱን መልሰሽ ልከሽ ነበር፤ ጣትሽን ታሻሺ ነበር። «እኔ ነኝ የደወልኩልሽ፤ ምን ብዬ ነበር?» አልሽኝ። «ስሙን አሳስቼ ነግሬሽ ይሆን?»

«ምንም አልተሳሳትሽም። በመታወቂያቸው ነው የሞላሁት። ያበላሹት እዚያ ነው» አልኩሽ።

አቀፍሽኝ። ትከሻዬ ላይ አለቀስሽ። እኔ ገመዱ ላይ የተሰጣ ቢጫ ፎጣ እያየሁ ነበር።

በዓመቱ አንቺ ወደ ሐርተሼክ ተዛውረሽ ሄድሽ፤ እናትሽንም ወሰድሽ። ዴቅ ከዚያ በፊት ሥራውን ለቅቆ ነበር። ገበያ ውስጥ ሰላም የሚለው ሰው አጥቶ ነበርና አይሻ ከተማ የጭነት መኪኖች ጋ ሥራ አገኘ ሲባል ሰማሁ። እኔ እዚሁ ቀረሁ። መታወቂያ ሦስት ጊዜ አያለሁ። አንድ ጊዜ ስጽፍ፣ አንድ ጊዜ ሳትም፣ አንድ ጊዜ ሰውየው በር ላይ ሲደርስ ጠርቼ መልሼው። ደንበኞች ይሰለቹኛል። ባለፈው ዓመት አለቃችን በሠራተኞች ፊት አቁሞ አንድም የስም ስህተት ያልተገኘባት ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ቢሮው ግድግዳ ላይ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ ለቲኬት ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጠ። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ጥሩ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ያስረዳል። አሁን ሰዉ ሁሉ በፋይዳ ቁጥር እየተመዘገበ ስለሆነ ይህ የስም ጣጣ እየቀለለ ይሄዳል አለን። ከዚያ የስም አለመግጠም ያጋጠመው ሰው ልምዱን ያካፍለን አለ። ከድሬዳዋ የመጣች ልጅ ሙሽራ የባሏን ስም ይዛ መጥታ ስለተመለሰችበት ነገር አወራች፤ ሰዉ ሳቀ። ሌላው ስለ መንታ ወንድማማቾች አወራ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። «እኔ አጋጥሞኝ አያውቅም» አልኩ። አሠልጣኙ ዕድለኛ ነሽ ብሎኝ ወደ ቀጣዩ አለፈ።

ምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ዋሽቼ ምንም አልሆንኩም። ያን ቀን ግን ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እጆቼን አየኋቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል፤ የማን እንደሆኑ ለማወቅ ማንቀሳቀስ ነበረብኝ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ድሬዳዋ ወጣሁ፤ ከዚያ ወደ አይሻ። አንቺ ጋ መምጣት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ወደ አንቺ የሚሄደው መኪና ላይ ግን ልወጣ አልቻልኩም።

አዲጋላ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ቆምን። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄደ። እኔ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ምን እንደምለው አጠና ነበር። አይሻ ስደርስ ያጠናሁት ጠፋብኝ።

ዴቅን ያገኘሁት ከመኪኖቹ መሀል፣ የጭነት ወረቀት ሲያይ ነው። ከስቷል። ጺሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እሷ ደህና ናት?» ብሎ ነው። ደህና ናት አልኩት። ወንበር አመጣልኝ፣ ሻይ በወተት አዘዘልኝ። ሻዩ ሳይመጣ ነገርኩት። ሦስት ዓመት ተኩል የያዝኩት ነገር ለመናገር ያን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰኞ ዕለት ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ለቅሶው ላይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አልኩት።

«አንቺ?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። ያልሰማ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ ያን ሰኞ በሩ ላይ የሆነውን አጫወተኝ። ስሙ እንደማይገጥም ሲያይ አባትሽን ከሰልፉ ለይቶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ወደ አለቃው ሄዶ ለመነ፤ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፣ ታማሚ ናቸው፣ በእኔ ኃላፊነት ይግቡ አለ። አለቃው ዝርዝሩን አሳየው። ተሳፋሪው ዋርፋ ነው፣ ይዘኸው የመጣኸው ሰው ዐብዲራሺድ ነው፣ እኔ ዋርፋ የሚባል ሰው ከየት ላምጣ አለው። ዴቅ ተመልሶ አባትሽ ፊት ተንበረከከና «አዴር፣ ይህን ስም ማን ጻፈው?» አላቸው። እሳቸው ቲኬቱን ከእጁ ወሰዱት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ልጄ ናት የጻፈችው» አሉት። «አደራ፣ እንዳትነግርባት። ካወቀች ይጎዳታል።»

ሻዩ መጥቶ ነበር፤ ዴቅ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ልጄ አሉኝ እኮ» አለኝ። «ልጄ ሲሉ እኔ ሌላ ሴት ልጅ አላውቅም ነበር።»

ተነስቶ ወደ መኪኖቹ ሄደ። አንዱን ጭነት ዞረው፣ ገመዱን ነካ ነካ አደረገው፣ ያልላላውን ገመድ ደግሞ አጠበቀው። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ታጥቦ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ዐብዲኑር ቲኬቱን ሲያወጣ ለምን አንቺን እንዳየ፣ ለምን መሬት መሬት እንዳየ፣ ውሸታም ሲባል ለምን እንዳልመለሰ አልጠየቅኩትም። አደራውን ለአንቺ ብሎ እንደጠበቀ አንቺም አሁን ገብቶሻል።

ይኸው ነው። ስለራሴ የምጨምረው ጥቂት ነው። ከአይሻ ስመለስ ለአለቃዬ ነገርኩት። እስኪወሰን ቤትሽ ሁኚ ብሎኛል፤ ወንበሬ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች፣ ፎቶውም ተነስቷል። ለእናቴም ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዋርፋ ጠዋት ጠዋት በራችንን ሲያንኳኩ ስንት ጊዜ ቁርስ አብልቼሽ ሳልጨርስ አስጠብቄአቸው ነበር አለች።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። የሚገባኝ ስላልሆነ ብቻ አይደለም፤ ይቅር ብትዪኝ እንኳ የሚሰማኝ መሆኑን አላውቅም። ደብዳቤውን ለእናትሽ አንብቢላቸው፤ ለዐብዲኑር ስጪው። ሽማግሌዎች ይጥሩኝ ካላችሁ እመጣለሁ። ያኔ ባልተናገርኩበት ሰው ፊት ሁሉ እናገራለሁ። መሣሪያው ቢገባላቸው ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለኝ። አንቺም እንዳትደክሚ ብዬ ነው የምነግርሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም፤ ነገ ጠዋት ወደ ሐርተሼክ የሚነሳ ሰው አለ። ከአይሻ እስከዚህ ሁለት ቀን ተጉዟል፤ ደክሞታል፣ ግን እረፍ ብለው እንቢ አለኝ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከበሩ ውጭ እንዲጠብቅ፣ ካልተጠራም ሳያንኳኳ እንዲመለስ ተስማምተናል። ይህን መስመር እያነበብሽ ከሆነ አሁንም እዚያው ቆሟል። የሐርተሼክ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለእናትሽ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። የምታስተምሪያቸውን ልጆች አላህ ያሳድግልሽ። አባትሽን አላህ በጀነት ያኑራቸው። ቤትሽ ሰው አይጣ።

አብሮ አደግሽ